ገልባጯና የመዳቡ ማንቆርቆሪያ

ሚስቴን ሰፈሩ «ገልባጯ» ይላታል። መንግሥት ገልብጣ አይደለም፤ ከእኔ በቀር ማንንም አታዝም። የጥንት እቃ ዋጋ ገማች ናት። ወንበርም ይምጣላት ሳህን፣ መጀመሪያ ገልብጣ መቀመጫውን ነው የምታየው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እሷ ግን እስኪያድር የምትጠብቅ ሴት አይደለችም። «ሰው የሚያሳምረው ፊት ፊቱን ነው፤ እስቲ ከታች እንየው» ትላለች።

ሙያውን የተማረችው ሐራጅ ቤት መጋዘን ውስጥ ነው። አቧራ አራጋፊ ሆና ገብታ ዋና ገማች ሆና ወጣች። ጡረታ ስትወጣ ደግሞ የሳሎናችንን እኩሌታ ወረሰችው። መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛዋ ላይ አጉሊ መነጽር፣ የእጅ ባትሪ፣ ለስላሳ ብሩሽና አንድ ነጭ ጨርቅ አይጠፋም። እኔ በር ከፋች ነኝ፤ ሹመቴንም የሰጠችኝ እሷው ናት።

ለማስደሰት ብላ አትዋሽም። ሳጫት ያጠለቅኩላትን ቀለበት እዚያው ዘመድ አዝማድ ፊት አውልቃ ወደ ብርሃን አስጠጋችና «መስታወት ነው» አለች። ላብ አጠመቀኝ። ቀጥላ «ግን ቆንጆ መስታወት ነው» ብላ መልሳ አጠለቀችው፤ ይኸው እስከ ዛሬ ከጣቷ አልወጣም። እንዲህ ያለች ሴት እንዴት አትወደድም?

አንድ ጠዋት ሁለት እህትማማቾች መጡ። ታላቅየዋ ከእናታቸው የቀረ አፈ ሰፊ የመዳብ ማንቆርቆሪያ በፌስታል ይዛለች። አስገምተው፣ አንዷ እቃውን ልትወስድ፣ ሌላዋ ደግሞ የዋጋውን እኩሌታ ልታገኝ ተስማምተዋል። ማንቆርቆሪያው ከፌስታሉ ሲወጣ ግን ብልጭልጭታው ዓይን ይወጋል።

«ይኼ የእማዬ አይደለም!» አለች ታናሽየዋ። «የእማዬ ጥቁር ነበር። ሸጠሽው አዲስ ገዝተሽ ነው!»

«እኔ? እኔ ነኝ ሌባዋ?» አለች ታላቅየዋ። «ሰው ፊት ስለሚቀርብ እኮ ነው በሎሚና በጨው ስፈትገው የሰነበትኩት!»

ገማች ዘንድ የሚመጣ ሰው የሚሠራት ስህተት ይህቺው ናት። ለክብሩ ብሎ ይፈትገዋል፤ ሲፈትግ ዕድሜውን ገፎ ይጥለዋል። እኔም በሆዴ «አለቀላት» አልኩ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፤ የዚህች ሴትዮ ስም ግን ገና በቁሟ፣ በገዛ እጇ ታጥቦ ሊሄድ ነው።

ሚስቴ ማንቆርቆሪያውን በነጩ ጨርቅ ሸፈነችው። ልማዷ ነው፤ ባለቤቱ የሚያስታውሰውን ሳይነግራት እቃ አትነካም፣ ሲነግራትም እቃውን እንዲያይ አትፈቅድም። ዓይን አፍን እንዳያስተምረው ነው ነገሩ። ከዚያ ወደ ከሳሿ ዞረች።

«እርስዎ ይንገሩኝ እስቲ። የእናትዎ ማንቆርቆሪያ ምን ምልክት ነበረው?»

ታናሽየዋ አሰብ አደረገች። «ልጅ ሆኜ ደረጃ ላይ ጥዬው ሆዱ ጎድጉዶ ነበር። አባዬ ከውስጥ በመዶሻ ቀጥቅጦ መለሰው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የተገረፈችው ግን እትዬ ናት። እኔ ነኝ የጣልኩት ብላ ቀደመችኝ።»

ታላቅየዋ መስኮት መስኮቱን ታያለች።

ሚስቴ ጨርቁን አንስታ ማንቆርቆሪያውን ገለበጠችው። ያቺ ጎበዝ ታላቅ እህት መቀመጫውንም አልማረችውም፤ ከታችም እንደ ላዩ ያበራል። ሚስቴ ክዳኑን ከፈተች፣ ባትሪ አበራችበት፣ እጇን ወደ ውስጥ ሰደደችና ቆየች። በኋላ የታናሽየዋን እጅ ይዛ አስገባችው።

«ከውጭ የተፈተገ ውስጡ አይነካም። ጣትዎን እዚህ ጋ ያሳርፉ።»

ጣቷ አንድ ነገር ላይ መቆሙን ከክንዷ አወቅኩ። የአባቷ መዶሻ ምልክት እዚያው ሆኖ ይጎረብጣል። እንባዋ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ተንጠባጠበ። «እትዬ...» አለች። በሚስቴ የኮራሁት ኩራት ደረቴ አልበቃው አለ።

እዚህ ላይ ብታበቃ ምን ነበረበት? እሷ ግን እሷ ናት። «እቃው የእናታችሁ ነው» አለች። «ዋጋው ግን ወድቋል፤ የዘመን ወዙ ተገፏል፣ አይመለስም። ይኼንንም ማወቅ አለባችሁ።»

«ይውደቅ» አለች ታላቅየዋ ነጠላ ጫማዋን በእግሯ እየፈለገች። «ስሜ ከጸዳልኝ ይበቃኛል። እሷ ትውሰደው።»

በር ከፈትኩላቸው። ታላቅየዋ ወደ ኋላ ሳትዞር ደረጃውን ትወርድ ጀመር። ታናሽየዋ ማንቆርቆሪያውን በአንድ እጇ አንጠልጥላ፣ በሌላው እንባዋን እየጠረገች ተከተለቻት። ሳይታረቁ ሊሄዱ ነው ብዬ ከፋኝ። እኩሌታውን እንደወረዱ ታላቅየዋ ቆመችና ዞረች።

«በሁለት እጅሽ ያዥው እንጂ!» ብላ ጮኸችባት። «ሁለተኛ አልገረፍልሽም!»