አጭሩ ገመድ

ሰውዬው ሽበታም ነው፤ ኮቱ የተተኮሰ፣ ጫማው እንደ መስታወት የሚያበራ። ገጀረት ሰፈር፣ ኣባዲ የሙዚቃ ዕቃ መሸጫ ገብቶ ለኦርጋኑ ተጨማሪ ዕቃ ይመርጣል። ብቻውን ከበሮ የሚመታውን ሣጥን ወዲያው ወሰደ። ያስቸገረው የጆሮ ማዳመጫው ነው። ሁለት ይፈልጋል፤ ሁለቱም እዚያው ሣጥን ላይ የሚሰኩ።

«ሰዓት እላፊ ከገባ ጎረቤት መስማት የለበትም» አለ። «እኛ ግን ጓይላ እንጨፍራለን።»

አንዱን ማዳመጫ ጭንቅላቱ ላይ ደፋ። ሌላውን ለማትታይ ሴት እንደሚያቀብል ፊት ለፊቱ ይዞ፣ ትከሻውን እየሰበቀ ሱቁን ይዞር ጀመር። ያለ ምንም ሙዚቃ! የጊታር ክር ልገዛ የመጣሁት እኔ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ብዙም ሳይዞር ገመዱ ወገቡ ላይ ተጠመጠመ።

«ኣቦይ፣ ጓይላ እኮ እየዞሩ የሚጨፈር ነው» አለ ባለሱቁ ኣባዲ፣ ገመዱን እየፈታለት። «ባለ ረጅም ገመዱን ይውሰዱ። በዚህኛው ከባለቤትዎ ጋር ተጠላልፋችሁ ትቀራላችሁ።»

ሰውዬው ረጅሙን ገመድ ነካ ነካ አድርጎ መለሰው።

«የቐንየለይ ወደይ» ብሎ አመሰገነው። «አጭሩን ጠቅልልልኝ።»