ለእንግዳ የተጠረገው አቧራ

በደርግ ጊዜ መቱ ሐኪም ቤት ላቦራቶሪ ውስጥ ወባ ስፈልግ እውል ነበር። አንድ ቀን የአቧራ ባለሙያ ከአዲስ አበባ መጣና አግዘው ተባልኩ። «አቧራም ይቆጠራል እንዴ?» ብዬ ሳቅሁ። ሰውዬው ፈገግ እንኳን አላለም።

ነገሩ የመጣው ከከተማው ቡና መፈልፈያ ቤት ነው። እዚያ ከተፈለፈለው ቡና ብልሹውን የሚለቅሙት ሴቶች ደረታቸው እየታፈነ ሐኪም ቤቱን አጨናንቀውት ነበር። ከሁሉም የባሰባቸው ከጎረቤት ወረዳ ከሁሩሙ የመጡ አንዲት ሴት ነበሩ፤ ሁላችንም እትዬ ነበር የምንላቸው። ሲያስሉ የተቀመጡበት አግዳሚ አብሯቸው ይንቀጠቀጣል። አቧራውን የሚያወጣ ቬንትሌተር ይግባልን ብለው አቤት ያላሉበት ቢሮ አልነበረም። ጓድ ሥራ አስኪያጁ ግን «ብርድ ነው የመታቸው፤ አቧራ ነው ካላችሁ በቁጥር አሳዩኝ» አለ። ቁጥሩ ከበዛ ቬንትሌተሩ ይገዛል፤ ካነሰ ነገሩ ተዘጋ።

መፈልፈያው ቤት ስንደርስ ክው አልኩ። ማሽኑ ቆሟል፣ ወለሉ ታጥቧል፣ ቄጠማ ተጎዝጉዟል። ሴቶቹ የክት ነጠላቸውን ለብሰው በር ላይ ተደርድረዋል።

«ግቡ ልጆቼ!» አሉ እትዬ። «አላሳፈርናችሁም አይደል?»

ባለሙያው የታዘዘውን አደረገ። በእጅ ፓምፕ አየሩን ስቦ ብናኙን መስታወት ላይ አሳረፈ። ላቦራቶሪ ተመልሰን መጋረጃውን ዘጋን፤ የማይክሮስኮፑ መብራት መስታወቱ ላይ ያለውን አጉልቶ ነጩ ግድግዳ ላይ ጣለው። እዚህም እዚያም አንዳንድ ነጥብ ብቻ! እትዬ ዘንድሮ እዚያው መፈልፈያ ሥራ ከገባች ልጃቸው ጋር ሊያዩ መጥተው ነበርና እልል አሉ።

ደሜ ፈላ። «ኧረ እትዬ፣ ምን ነካዎት! ቬንትሌተሩን እኮ ጠርገው ጣሉት!»

«እና እንግዳ በገለባ ላይ ይቁም?» አሉ ተቆጥተው። ከዚያ ነገሩ ገባቸው። ሰውን በንጹሕ ቤት መቀበል እንዴት ጥፋት ይሆናል? እኔስ ብሆን መጥረጊያ አላነሳም ነበር? ንዴቴ በረደ፤ አሳዘኑኝ።

«ነገ ኑ» አሉ በመጨረሻ። «እንዳለ ይቆያችኋል። እፍረቱን እኔ እችለዋለሁ።»

በማግስቱ ማሽኑ እየጮኸ፣ ገለባው እየቦነነ ጠበቁን። አየሩን ስበን፣ እትዬም ልጃቸውም ሳይቀሩ ሁላችንም ላቦራቶሪ ገባን። መብራቱ ሲበራ ግድግዳው ጠቆረ። ወባ ስፈልግ ዓይኔ የሚደክመው የምፈልገውን ሲያጣ ነው፤ ያን ቀን የደከመው ባዶ ቦታ ሲያጣ ነበር። ባለሙያው ግድግዳው ላይ በለጠፈው ባለመስመር ወረቀት ትልቁንም ትንሹንም እየለካ፣ «ትልቁን አፍንጫ ያስቀረዋል። ሳንባ የሚገባው ይሄ ደቃቁ ነው» አለን።

እትዬ ወደ ግድግዳው ተጠጉ። «ይሄ የስንት ቀን ነው ልጄ?»

«የቀን አይደለም እማማ። የአምስት ደቂቃ ነው።»

እትዬ ዞረው ልጃቸውን አዩ። ባለሙያው ያጽናናቸው መስሎት፣ «አይዞዎት፣ አሁን በቁጥር ተረጋግጧል። ቬንትሌተሩ ይመጣል» አለ።

«ይምጣ» አሉ እትዬ። የልጃቸውን እጅ ይዘው ወደ በሩ አዞሯትና በኦሮምኛ ወደ ቤት እንድትሄድ ነገሯት። ልጅቱ «እርስዎስ?» አለቻቸው።

እሳቸው ነጠላቸውን አፍና አፍንጫቸው ላይ ጠመጠሙና ወደ መፈልፈያው ብቻቸውን ተመለሱ።