አረንጓዴውን ዞሮ ማለፍ

ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ ቱታ ለብሼ በባሕር ዳር መንገድ መሮጥ ጀመርሁ። ሰፈሩ ጉድ አለ። ያኔ ጂኦግራፊ አስተምር ነበር፤ ተማሪዎቼ ሲያዩኝ አንገታቸውን ደፍተው ይስቃሉ። ጎረቤቴ አንድ ቀን አጥሯ ላይ ቆማ «እቴ፣ ማን እያሳደደሽ ነው?» አለችኝ። «እርጅና» አልኋት። «እንግዲያው ፍጠኝ፣ ሊደርስብሽ ነው!» ብላ ሳቀችብኝ።

ነገሩን ያመጣችብን ከቡልጋሪያ የመጣች አስተማሪ ናት። በዚያ ዘመን ከሶሻሊስት አገሮች የሚመጣ ባለሙያ አይጠፋም ነበር፤ እሷ ደግሞ ከትምህርቱ ሌላ አንድ ጨዋታ ይዛ መጣች። ካርታና ኮምፓስ ይሰጠናል፤ በሜዳና በጫካ የተበተኑ ምልክቶችን በተራ እየፈለግን እንሮጣለን፤ በየምልክቱ በተንጠለጠለችው መብሻ ካርዳችንን እንበሳለን። አንዷን የዘለለ፣ አንደኛ ቢወጣም እንዳልሮጠ ይቆጠራል። እኛ የካርታ ሩጫ አልነው። አስተማሪዎችና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሴቶች ተሰባስበን፣ ስፖርት ጽሕፈት ቤቱ በሚሰጠን ጭነት መኪና ላይ ተሳፍረን፣ ከከተማው ወጣ ብለን አንድ ቅዳሜ ሰባታሚት፣ ሌላ ቅዳሜ ዘንዘልማ እንሄዳለን። እንዴት ያለ ቅዳሜ ነበር! ድስት የለ፣ ስብሰባ የለ። ከማሳ ማሳ ስንራወጥ ገበሬዎቹ ከብት የጠፋብን መስሏቸው አብረውን ይፈልጉ ነበር።

ካርታውን የሠራችልን እሷው ነበረች፤ ጥቅጥቅ ያለ ደን አረንጓዴ ይቀባል። በእኛ አገር ደግሞ ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ከታየ ውስጡ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ሌላውማ ታርሷል። ስለዚህ አረንጓዴው ላይ ምልክት አናስቀምጥም። ስንደርስ እንሳለማለን፣ ዞረን እናልፋለን። በላብ ተጠምቆ ማን ደጀ ሰላም ይገባል? ለእኔማ ደን ከልጅነቴ ጀምሮ ከውጭ የሚታይ ነገር ነው። አባቴ ሐይቁ ላይ ካሉት ገዳማት በአንዱ ያገለግሉ ነበር፤ ሴት አይገባበትም። ስንቅ ይዤላቸው በታንኳ ስሄድ ከወደቡ አላልፍም። ከታች ሆኜ ዛፎቹን አያለሁ፣ ዜማውን እሰማለሁ፣ እመለሳለሁ። ቅር ብሎኝም አያውቅ፤ ነገሩ እንዲያ ነው ብዬ ነው ያደግሁት።

አስተማሪዋ አገሯ ከተመለሰች በኋላ፣ እዚያ በዕድሜ ለገፉ ሰዎች በሚደረግ የካርታ ሩጫ ውድድር ከእኛ አንድ ሰው እንዲካፈል ግብዣ ላከችልን። ከመካከላችን አሮጊቷ እኔ ነኝና ለእኔ ደረሰኝ። ለፈቃዱ የስፖርት ኃላፊው ዘንድ ሄድሁ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ከኳስ ሌላ ስፖርት ያለ አይመስለውም።

«ጓድ መምህርት፣ እንዲያው ይህ መባዘን ስፖርት ነው?» አለኝ። «እሺ፣ ይሂዱ። ጨርሰው ከመጡ ጨዋታችሁ ይቀጥላል። ሳይጨርሱ ከመጡ ግን ቅዳሜያችሁም መኪናውም ለኳስ ቡድኑ ነው።»

ደሜ ፈላ። ቅዳሜያችንን ለኳስ! «እጨርሳለሁ» ብዬ በሩን እንኳ ሳልዘጋ ወጣሁ።

በሰው አገር ጫካ ልሮጥ እንደሆነ ለአባቴ ስነግራቸው «ለመሆኑ ጫካው የማን ነው?» አሉኝ። የየትኛው ታቦት ማለታቸው ነው።

«የማንም አይደለም፣ አባባ።»

«የማንም ያልሆነ ጫካ!» ብለው አማተቡ።

የውድድሩ ዕለት እዚያ ቡልጋሪያ ዙሪያዬን የከበቡኝ ሽበታሞች እንደ ተማሪ እየተንጠራሩ ይሳሳቃሉ። ገና ሳያቸው ወደድኋቸው። ሜዳው ላይ ያሉትን የመጀመሪያዎቹን ምልክቶች አንድ በአንድ አገኘኋቸው። አንድ ቦርጫም ሰውዬ ቀድሜው ሳልፍ ኮፍያውን አንሥቶ ሰላም አለኝ፤ እኔም ሳልቆም እጅ ነሣሁ። እንዲህ ከሆነማ ቅዳሜያችን በእጄ ነው አልሁ።

ቀጣዩ ምልክት አረንጓዴው ውስጥ ነበር። ኮረብታውን ወጥቼ ቀና ስል ዛፎቹ ጥቅጥቅ ብለው፣ ጨልመው ቆመዋል። እግሬ ቀጥ አለ። ሳላስበው አማተብሁ። ዳር ላይ ያለውን ግንድ ጠጋ ብዬ ተሳለምሁት። ከዚያ እንደ ልማዴ መዞር ጀመርሁ። ዞሬ ዞሬ የተነሣሁበት ቦታ ተመለስሁ፤ ምልክቱ ዳር ላይ የለም፤ ካርታውም ከጫካው ውስጥ ነው ይላል። እኔ ግን ቆሜ እጠብቃለሁ። ማንን እንደምጠብቅ እንጃ፤ አንድ አባት ከውስጥ ወጥተው «ምን ፈልገሽ ነው፣ ልጄ?» የሚሉኝ ይመስል።

ሌሎቹ በአጠገቤ ይገባሉ፣ ይወጣሉ። አንዲት ከእኔ የባሰች አሮጊት እየሮጠች ስትወጣ አየችኝና ቆመች። ወለም ያለኝ መስሏት ወደ እግሬ ጠቆመች። ራሴን ነቀነቅሁ። ግራ ገብቷት በእጇ ወደ ውስጥ አመለከተችኝና መንገዷን ቀጠለች። ያኔ በራሴ ተናደድሁ። እዚያ አገር ቤት መኪናውን የሚጠብቁ ሴቶች አሉ፤ እኔ ከዛፍ ጋር ተፋጥጫለሁ። ግን ከነጫማዬ መግባት አልሆነልኝም። አወለቅሁትና በእጄ አንጠልጥዬ ገባሁ።

ውስጡ ዛፍ ነው። ሽበት ያበቀለ የወደቀ ግንድ፣ እርጥብ ቅጠል፣ ቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠለች ምልክት፤ ሌላ ምንም የለም። ካርዴን በስቼ እንደቆምሁ እንባዬ መጣ። ደስ ብሎኝ ነው፤ ሌላም ነገር ነበረበት፤ ይህን ሁሉ ዘመን ከወደቡ ሆኜ ሳየው የኖርሁት ነገር ውስጥ ቆሜ ነበር። ከዚያ ጫማዬን አድርጌ የቀሩትን ምልክቶች ሁሉ አገኘሁ። መጨረሻው ላይ ስደርስ ድንኳኑን እየነቀሉ ነበር፤ ሥራቸውን ትተው አጨበጨቡልኝ።

ስመለስ ኃላፊው «ስንተኛ ወጡ?» አለኝ።

«የመጨረሻ።»

«ጨርሰው?»

«ጨርሼ!»

እስኪያስለው ሳቀ። ቃሉን ግን አላጠፈም።

በዚያው ቅዳሜ ዘንዘልማ ስንሄድ መኪናው ላይ ሁሉንም ነገርኋቸው፤ መሳለሜን፣ መዞሬን፣ ጫማ ማውለቄን። የፋብሪካ ሴቶቹ እርስ በርስ እየተደጋገፉ ሳቁብኝ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ያልሳቀች አንዲት ፈታይ ብቻ ነበረች፤ ብዙም የማትናገር ሴት ናት።

«ማንም ይግቡ ሳይልዎት?» አለችኝ።

«ማንም።»

«ይውጡ የሚልስ?»

«አልነበረም።»

ከተቀመጠችበት ተነሥታ፣ መኪናው እያንገጫገጫት፣ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። «በሉ እንደገና ይንገሩኝ» አለች። «ከገቡበት ይጀምሩ።»