ከድንጋዩ ጀርባ

ይህ የሆነው በጦርነቱ ጊዜ፣ የመርሳና የወልድያ መንገድ ተዘግቶ መድኃኒት በጠፋበት ወቅት ነው። እስካሁን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። አሁን የጻፍኩት እናቴ ማንበብ ስለማትችል ነው።

እናቴ ስኳር አለባት። ተኩሱ ሲቀርብ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ከግራና በላይ ወዳለው ደጋ ሸሸች። አባባ ሰይድ የሚባሉ፣ እኔ አይቻቸው የማላውቅ ሰው ቤታቸው አስጠጓት። ኢንሱሊኗ ካለቀ አራት ቀን እንደሆነው ስሰማ መድኃኒት ፍለጋ መርሳን ዞርኳት። በመጨረሻ አንድ የጤና ባለሙያ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ቀብሮ ካቆየው ሁለት ብልቃጥ ሰጠኝ።

"ፀሐይ ከመታው ከውኃ አይሻልም፤ ሳይሞቅ ድረስ" አለኝ።

ብልቃጦቹን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ቅል ውስጥ ከተትኩ። ግራና አድሬ ጎህ ሲቀድ ዳገቱን ጀመርኩ። ባጃጅ ነጂ ነኝ፤ እግሬ ዳገት አያውቅም። ግማሽ ሳልደርስ ጉልበቴ ከዳኝ። አንዳንዱን ቦታ በእጄ እየቧጠጥኩ ወጣሁት። ፀሐይዋ ግን አልጠበቀችኝም።

ገደሉ አፋፍ ላይ ስደርስ ከላይ ድምፅ ሰማሁ። ቃሬዛ ነበር። ወጣቱ ሁሉ በየጫካው ተደብቆ ስለነበር የተሸከሙት ሦስት ሽማግሌዎችና አንዲት ሴት ናቸው። ቃሬዛው ላይ ምጥ የያዛት ሴት ታቃስታለች።

በእኛ አገር ቃሬዛ ያገኘ ሰው የያዘውን አስቀምጦ ቢያንስ እስከሚቀጥለው ሜዳ ትከሻውን ይሰጣል። አይለመንም፣ ቸኩያለሁም አይባልም። ይህን አሳምሬ አውቃለሁ። ግን የወጣሁትን ወርጄ እንደገና ልወጣው ነው። እናቴ ታየችኝ። ከመንገዱ ወጣ ብዬ ከትልቅ ድንጋይ ጀርባ ተቀመጥኩ።

ከፊት የያዙት ሽማግሌ ቆም አሉ።

"ኮቴ የሰማሁ መሰለኝ። የአላህ ባሪያ፣ ካለህ ትከሻ ስጠን!"

ቅሉን አቅፌ ይበልጥ ዝቅ አልኩ። ትንሽ ጠብቀው "ያ ረቢ" አሉና ወረዱ።

እናቴን ዐይኗ ተከድኖ፣ ከንፈሯ ደርቆ አገኘኋት። መድኃኒቱን ወጋኋት። ወደ ማታ ቀና ስትል መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ሰው ነው።

"አባባ ሰይድ ምራታቸውን ምጥ ጠንቶባት አዋላጅ ፍለጋ ወደ ግራና ይዘዋት ወርደዋል። አልተገናኛችሁም?"

"አልተገናኘንም" አልኳት።

በማግስቱ ሽማግሌው ተመለሱ። ገና ደጃፉ ላይ ሆነው ሰላም ሲሉ ድምፃቸውን ለየሁት።

"እንኳን ደረስክላት፣ ልጄ" አሉኝ፣ ሐዘናቸውን ይዘው። ከዚያ ወደ እናቴ ዞሩ። "ዘሃራ ግራና ሳንገባ አለፈች። እሷንም ልጁንም እዚያው ቀበርናቸው። ጉልበት አነሰን፤ በየመታጠፊያው እያሳረፍን መሸብን።"

ቀኝ ትከሻቸው ተልጦ ነበር። ውኃ አምጥቼ "ይታጠቡ፣ አባባ" አልኳቸው። እያጠብኩላቸው "ያ ኮቴ የእኔ ነበር" ልላቸው ፈለግኩ፤ አፌ እንቢ አለኝ። እሳቸው መረቁኝ።

አንድ ትከሻ ቢጨመር ኖሮ ዘሃራ ትተርፍ ነበር? አላውቅም። ባጃጁን ስነዳም የምጠይቀው ይህንኑ ነው። አፍራለሁ።

እናቴ ደህና ናት። እንግዳ በመጣ ቁጥር ስለዚያ ቀን ታወራለች።

"ልጄ ያንን ዳገት አንዴም ሳይቆም ወጥቶ ደረሰልኝ" ትላለች።

አንዴ ቆሜያለሁ።