የጅብ ሞራ የተቀባው በሬ

ጥቁሩ በሬ የእኛ፣ ነጩ የጎረቤታችን የሽማግሌው ነበር። ዘመኑ የሰማንያዎቹ ማለቂያ ላይ ነው፣ ከሰቆጣ ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን። በሁለታችንም ቤት ሌላ በሬ አልነበረም። አባቴ ሞቶብን ስለነበር ሽማግሌው በሬዎቹን አቀናጅተው ተራ በተራ የእኛንም የእሳቸውንም ማሳ ያርሳሉ፤ እኔና እናቴ ደግሞ የሁለቱንም ቤት እህል እናርማለን።

የበሬዎቹ ፍቅር ግን ጉድ ነው! አንዱ ሳይኖር ሌላው ውሃ አይጠጣም። ቀንበር ሲወርድላቸው አንገት ለአንገት ይላላሳሉ።

ዝናቡ መሬቱን ባራሰ ማግስት፣ ተራው የሽማግሌው ነበርና ነጩን እየነዱ ጥቁሩን ሊወስዱ መጡ። ጥቁሩ እንደ ልማዱ ሊልሰው ጠጋ አለ። አሸተተው። ከዚያማ ምን ልበላችሁ! አጓራ፤ ቀንድ ከቀንድ ተላተመ፤ አጥሩ ተደረመሰ። እኔ ድንጋይ ላይ ወጥቼ እጮሃለሁ። እንዲህ ያለ ግጥሚያ የት ይገኛል! የነጩ ጎን ሲደማ ሳይ ግን ከድንጋዩ ወረድኩ። አንዱ ቢሰበር የሁለታችንም መሬት ጦሙን ማደሩ ነው።

እናቴ እንስራ ሙሉ ውሃ ፊታቸው ላይ ስትደፋባቸው ተለያዩ።

"በሬሽ አብዷል፤ ሽጪው። እኔም ሌላ መቀናጆ እፈልጋለሁ" አሉ ሽማግሌው።

እናቴ ቱግ ባይ ናት፤ እኔም የወጣሁት ወደ እሷ ነው። "የእኔ በሬ ጤነኛ ነው! የራስዎን ይዩ!"

ደሙን ልጠርግለት ወደ ነጩ ሄድኩ። ቀንበር የላጠው አንገቱ ላይ ቅባት ተለጥፏል። ሽታው ራስ ያዞራል!

"እማ፣ ነይ አሽትቺው!"

እናቴ አሸተተችና አፍንጫዋን ይዛ ዞረች። "ምን ቀቡት?"

ሽማግሌው ጋቢያቸውን አስተካከሉ። "የጅብ ሞራ ነው። ጅብ ቁስሉን አሽትቶ እንዳይመጣበት፤ ወገኔ ነው ብሎ እንዲያልፈው።"

"ጅቡስ ወገኔ ይለው ይሆናል! ወንድሙ ምን ይበለው?"

ሳቄ አመለጠኝ። እንዶድ ወቅጠን ነጩን አሽተን አጠብነው። እናቴ የጠላ አተላ አምጥታ የሁለቱንም አንገት ለቀለቀች፤ አተላ የሚጠላ በሬ የለም። ቀስ ብለን አቀራረብናቸው። ጥቁሩ አሸተተ። ጆሮውን አቆመ። ከዚያ ምላሱን አውጥቶ የነጩን አንገት ላሰ። እልልታዬን ለቀቅሁት! ደስታዬ እንባ ሆኖ ወረደ።

እናቴ ግን አልበረደላትም። አተላ የነካ እጇን ዘርግታ "እርስዎንስ ልቀባዎት?" አለች። ክው አልኩ፤ ለትልቅ ሰው እንዲህ አይባልም።

ሽማግሌው ጥምጣማቸውን አውልቀው ጎንበስ አሉላት። "ቀቢኝ፣ ልጄ።"

ግንባራቸውን ቀባቻቸው፤ እሷም ሳቀች። ሽማግሌው አተላቸውን ሳይጠርጉ ቀንበሩን ተሸከሙና በሬዎቹን ወደ እኛ ማሳ ነዱ። ተራው ግን የእሳቸው ነበር።