ከዩሱፍ በኋላ የሙሀዲን አኮርዲዮን

ከሚሴ ውስጥ ሙሀዲንን በአባቱ ስም የሚጠራው የለም፤ ሙሀዲን አኮርዲዮን ነው የሚሉት። መሣሪያውን ያገኘው በወጣትነቱ የነበረበት የኪነት ቡድን ሲበተን ነው። ከዚያ የራሱን የሰርግ ባንድ አቋቁሞ ሠላሳ ዓመት ገደማ መራ።

አጨዋወቱ ከማንም ጋር አይመሳሰልም ነበር። በባቲ ቅኝት ሲጫወት ዜማውን ያዘገየዋል፤ ሰው ትከሻውን ሊሰብቅ ሲል የአኮርዲዮኑን ወናፍ ጭምድድ አድርጎ ይይዝና ሁሉን ዝም ያሰኛል። በዚያች ዝምታ የባንዱ ከበሮ መቺ የዩሱፍ ከበሮ ብቻዋን ሁለቴ ትመታለች፤ ያኔ ዳሱ ይናጋል። ዘፋኟ ፋኢዛ መጀመሪያ ትንፋሽ አጠረኝ እያለች ትማረር ነበር፤ በኋላ ግን ከሌላ ባንድ ጋር መዝፈን አቃታት። በአማርኛ የጀመሩትን በኦሮምኛ ይጨርሱታል። የእስላሙም የክርስቲያኑም ሰርግ ይጠራቸው ነበር።

አንድ ኅዳር ላይ ከከሚሴ ወጣ ብሎ ጨፋ ውስጥ ሰርግ ተጠሩ። በዋዜማው መንገዱ ላይ ተኩስ እንዳለ ተወራ። ዩሱፍ፣ ነገሩ እስኪጣራ እንቅር ብሎ ለመነው። ሙሀዲን ግን ለሙሽራው አባት ቃል ገብቻለሁ፣ ያላንተ ደግሞ አልጫወትም ብሎ ድርቅ አለ። ሄዱ፤ ሰርጉም በሰላም አለፈ። በማግስቱ ረፋድ ሲመለሱ ከማሽላው ውስጥ በሚኒባሱ ላይ ተተኮሰ። ማን እንደተኮሰ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ዩሱፍ በመስኮቱ በኩል ነበር የተቀመጠው። ከሚሴ ሳይደርሱ አረፈ።

ለቅሶው ላይ ሙሀዲን ለዩሱፍ ሚስት ለረቢአ፣ ስለ መንገዱ ምንም አልሰማንም ነበር አላት። ሌሎቹም ዝም አሉ።

ከዚያ ወዲህ ሌላ ከበሮ መቺ አላስገባም። ዜማው እዚያ የዝምታው ቦታ ላይ ሲደርስ ወናፉን ይይዛል፣ ከበሮው ይመታበት የነበረውን ባዶ ይተወዋል፤ ዝምታው እየረዘመ ሄደ። ጨፋሪው ትከሻውን እንዳነሳ ይቀራል። አንድ ሰርግ ላይ አንድ ሽማግሌ መሣሪያው ተበላሸ ወይ ብለው ጠየቁ። ሰዉም ኪቦርድ የሚጫወት መጥራት ጀመረ። ፋኢዛ ልትሰናበተው መጥታ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ዝምታ ያንተ ነው እንጂ የሰርገኛው አይደለም» አለችው።

በሁለተኛው ዓመት ረቢአ ቤት ሄደ። ማሽላ እያበጠረች ነበር። በሩ ላይ ቆሞ ተናገረ።

«ዩሱፍ እንቅር ብሎኝ ነበር። ያስገደድኩት እኔ ነኝ።»

ሰፌዱን አላስቀመጠችም።

«ከመሄዱ በፊት ነግሮኛል» አለች። «ይኸው ሁለት ዓመት ከአፍህ እስክሰማው ጠበቅኩ።»

«አፉ በይኝ፣ ረቢአ።»

«እሱን ለአላህ ሰጥቼዋለሁ። እኔስ አልቻልኩም።»

ሙሀዲን አሁን የእህል ወፍጮ ቤት ውስጥ ይሠራል። አኮርዲዮኑን አይነካውም፤ ወናፉን አይጥ በልቶታል። በየጁምዓው ለረቢአ ዱቄት ይልክላታል። አንዳንዴ ትቀበለዋለች፤ አንዳንዴ እንደታሰረ ይመለሳል።