አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሁለት

ትናንት ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ እትዬ ጥሩ ደጄ ላይ ቆመው፣ «ካርዱንስ ሌባ ወሰደው እንበል። ቁጥሩን ማን ነገረው? ከልጅሽ በቀር ማን ያውቃል?» አሉኝ። አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር፤ ጩኸት ቶሎ ይበርዳል። ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ ቀስ ብለው ነው የተናገሩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የባንክ ካርዳቸው ቅዳሜ ገበያ ላይ ከመቀነታቸው ጠፋ። እሳቸው መጥፋቱን ሳያውቁ፣ አንድ ሰው ደብረ ታቦር ካለ ማሽን ገንዘባቸውን ጠራርጎ አወጣው። እትዬ ጥሩ ፊደል አልቆጠሩም። ሁልጊዜ ማሽኑ ድረስ አብራቸው እየሄደች ቁጥሩን የምትጫንላቸው ልጄ ሰናይት ናት። ሰናይት ጓዳ ሆና ይህን ሰማች። ብቅ ስትል ፊቷ አመድ መስሏል። እኔም ፈራሁ። የፈራሁት ለልጄ ነው፤ ግን ፍርሃቱ አዲስ አልነበረም። «ከእሷ በቀር ማን ያውቃል» የምትለዋን ቃል ከዚህ በፊት ሰምቻታለሁ። ያኔ «እሷ» የተባልኩት እኔ ነበርኩ።

ከስማዳ ወደ ንፋስ መውጫ የመጣሁት አባቴ ከሞተ በኋላ ነው። ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል አቋርጬ፣ በእህል መኪና ላይ፣ ጆንያ ተደግፌ። ስማዳ ቆላው ሲሞቀን ቆይቶ፣ ዳገቱን ጨርሰን ጋይንት ንፋስ መውጫ ስንደርስ ነፋሱ ነጠላዬን ከአንገቴ ሊነጥቀኝ ታገለ። ለካ ከተማዋ ስሟን ያገኘችው በከንቱ አይደለም። ከጉና ተራራ በኩል የሚወርደው ነፋስ በር ካገኘ በበር፣ በር ካጣ በግድግዳ ይገባል። እስካሁንም አልለመድኩትም፤ እንዲሁ ተቻችለን እንኖራለን።

ሥራዬ ቅቅል ድንች መሸጥ ነበር። የጋይንት ድንች ያልበላ ሰው ድንች በልቻለሁ ባይል ደስ ይለኛል። ቆዳው በጣት ሲነኩት ይላቀቃል፤ ውስጡ እንደ ዱቄት ይበተናል። በጆንያ ጠቅልዬ ሙቀቱን እጠብቃለሁ፤ ማባያ የሚያቃጥለውን ዳጣ በጣሳ ይዣለሁ። ተቀምጬ የምሸጠው ባንኩ ግድግዳ ሥር ነበር፤ ነፋሱን ስለሚከልልኝ።

በዚያ ዓመት ባንኩ በዚያው ግድግዳ ላይ የብር ማሽን ተከለ። የመጀመሪያው ሰሞን ሰው ቆሞ ያያል እንጂ አይጠጋም። አንድ ቀልደኛ ሾፌር ድንች ከኔ ገዝቶ ወደ ማሽኑ አፍ እያሳየ፣ «እንካ ወንድሜ፣ ውስጥ ስትውል ይርብሃል!» ይል ነበር። በኋላ በኋላ አስተማሪው፣ ነጋዴው፣ ልጁ ዓረብ አገር የሄደችበት ገበሬ፣ ሁሉም ካርድ ያዘ። ካርድ ሲሰጡ ባንኮቹ አንድ ነገር ይሉ ነበር፤ «የማይረሱትን አራት ቁጥር ይምረጡ።»

እንግዲህ የኛ አገር ሰው የማይረሳው ምንድን ነው? የተወለደበትን ቀን የሚያውቀው ጥቂቱ ነው። ዕድሜውንም ቢጠይቁት ክረምት ይቆጥራል፣ ይጨምራል፣ ይቀንሳል። የሚዘክርበትን ቀን ግን፣ ጠላ ጠምቆ ዳቦ ጋግሮ ጎረቤት የሚጠራበትን ቀን፣ ቢታመምም አይረሳው። የማርያም ዘካሪ ሃያ አንድን፣ የጊዮርጊስ ዘካሪ ሃያ ሦስትን። ሁለቴ ሲጽፉት አራት ቁጥር ይሆናል። እንዲህ ነው የተመረጠው። ማንም ለማንም ሳይነግር፣ ሁሉም አንድ ዓይነት መረጠ።

የኔታ ይባቤም እንደዚያው። ድጓን እዚሁ ጋይንት ባለው ቤተ ልሔም ያስመሰከሩ የዜማ ሊቅ ናቸው፤ ከከተማው ዳር ባለች ቤተ ክርስቲያን ያስተምሩ ነበር። ሴት ልጃቸው ዓረብ አገር ሆና ትልክላቸዋለች፤ እሳቸው ደግሞ ለተማሪዎቻቸው ጎጆ ቆርቆሮ ለማልበስ ያጠራቅማሉ። ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር የማሽኑን ጽሑፍ አያዩትም። ድንቼ ዘንድ መጥተው ካርዱን ይሰጡኝና ከፍ ባለ ድምፅ፣

«ሚካኤልና ሚካኤል!» ይላሉ።

«የኔታ፣ ኧረ ቀስ ይበሉ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ! የመላእክት አለቃ ስም በሹክሹክታ ይጠራል እንዴ?»

እኔ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሁለት እጫናለሁ። ብሩ ሲወጣ መርቀውኝ፣ ድንች ገዝተው፣ የድንቹን ልጣጭ ለአህያቸው ይዘው ይሄዳሉ።

አንድ ቀን እኔ ድንች ልገዛ ገበያ ወርጄ ሳለሁ መጡ። ማሽኑ አጠገብ አንገቱ ላይ መታወቂያ ያንጠለጠለ ጎልማሳ ቆሞ አገኙ። የባንክ ሠራተኛ መሰላቸው። ጉልበታቸውን ስሞ ረዳቸው፤ ብራቸውን ሰጥቶ፣ ካርዳቸውን በሁለት እጁ መለሰላቸው። ያን ቀን ማታውኑ ስለ ጨዋነቱ ለተማሪዎቻቸው ሲያወሩ እንዳመሹ ኋላ ሰማሁ።

በሌላ ጊዜ መጥተው ካርዱን ሲሰጡኝ ማሽኑ እንቢ አለ። ባንክ ውስጥ ገባን። ጸሐፊዋ ካርዱን ገልብጣ አየችና፣ «አባ፣ ይህ እኮ የርስዎ አይደለም፤ የሌላ ሰው ስም ነው ያለበት» አለች። የሳቸው ካርድ ከጎልማሳው ጋር ሄዷል። ሒሳባቸውም ባዶ ነው። የኔታ መቋሚያቸውን ይዘው እወጣለሁ ሲሉ ደረጃው ጠፋባቸውና እጄን ያዙ።

የኔታ አቶ አዱኛ የሚባል ወንድም ነበራቸው። ነገሩን ሲሰማ ከእርሻው በቀጥታ መጣ፤ ጅራፉ እንኳ በእጁ ነበር። ድንቼ ፊት ቆመ።

«ካርዱን ያ ቀጣፊ ይለውጠው፤ የኔታ ቁጥር አልነገርኩትም ብለዋል፤ ታዲያ ቁጥሩን ማን ሰጠው? ካንቺ በቀር ማን ያውቃል?»

«አላውቀውም ጋሼ፣ በማርያም! ፊቱንም አላየሁት።»

«ሊቁን የሚያህል ሰው ያታለለ፣ ላንቺስ ከፍሎሽ ይሆናል። ከየት እንደመጣሽስ ማን ያውቃል?»

ከየት እንደመጣሁማ ያውቃል፤ ከስማዳ ነው የመጣሁት። ዘመድ የለሽም ማለቱ ነው። ድሮም ቢሆን ጥርጣሬ ዘመድ ያለውን ሰው ዞሮ ነው የሚያልፈው።

ከዚያ በኋላ ድንቼ ቀዘቀዘ። ሰው ሰላም ይለኛል፣ አይገዛኝም። ደግሞ ወሬ መጣ፤ አቶ አዱኛ ሽማግሌዎቹን ይዞ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግዝት ይነገር ብሏል አሉ። ግዝት ማለት ካህኑ በሕዝቡ ፊት ቆሞ፣ «እያወቀ የደበቀ የተወገዘ ይሁን» የሚለው ነው። እኔ የደበቅኩት የለኝም። ግን ንጹሕ ሰው ግዝት አይፈራም የሚል፣ ግዝት በሚነገርበት ቦታ ያልዋለ ነው። ከዚያ በኋላ ጉንፋን ቢይዘኝ ያዛት ይላሉ። እናቴ አገር ቤት ላም ብትሞትባት ደረሰባት ይላሉ። ማን ያገባኛል? ማን ያስጠጋኛል? ወደ ስማዳ ልሂድ አልኩና ልብሴን ቋጠርኩ። የሄደች ሌባ ናት እንደሚሉኝ ሳስብ መልሼ ፈታሁት።

እሑድ ደረሰ። የገብስ አጨዳ ወቅት ነበር፤ ሰው እጁ ላይ ገለባ እንዳለ ነው የመጣው። ከቅዳሴ በኋላ ጥዱ ሥር ሁሉም ተቀመጠ። እኔ ከሴቶቹ ኋላ፣ ከአጥሩ ተጠግቼ። የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ። 

«ካርድ ያለው ሰው እጁን ያውጣ» አሉ።

ሰው ተያየ። እጆች ቀስ እያሉ ወጡ። የኔታ በደከመ ዓይናቸው ሳይሆን በድምፅ ነበር ሰው የሚለዩት፤ አጠገባቸው ያለውን የጨርቅ ነጋዴ ስሙን ጠይቀው፣

«አንተ የጊዮርጊስ ዘካሪ ነህ። ሃያ ሦስት፣ ሃያ ሦስት» አሉት።

ነጋዴው ኪሱን ግጥም አድርጎ ያዘ። ሳቅ ተነሣ፤ ከሳቁት መሃል የትምህርት ቤቱን አስተማሪ በድምፁ ለዩት።

«መምህር፣ አንተስ? መድኃኔ ዓለምን ነው የምትዘክር። ሃያ ሰባት፣ ሃያ ሰባት።»

«ኧረ የኔታ!» አለ መምህሩ፣ እጁን አውርዶ።

አንዲት ጠላ ሻጭ ከኋላ፣ «እኔን በሞቴ አይንገሩብኝ!» ብላ ጮኸች።

«አንቺንማ ማን ያጣሻል? በወር በወሩ በሃያ አንድ ያንቺን ጠላ ስንጠጣ አይደለም የምንውለው?»

ያን ጊዜ ሽማግሌው ሁሉ ሳቀ። አቶ አዱኛ ብቻ አልሳቀም። ብድግ አለ።

«ምን ማለትዎ ነው የኔታ? ሁላችንም ሌቦች ነን? እርስዎስ?»

ወንድማቸው ቢሆንም በሰው ፊት እንደኛው በአንቱታ ነበር የሚጠራቸው። የኔታ ወደ ድምፁ ዞሩ።

«እኔማ ዋናው ነኝ። ያቺ ልጅ የምታውቀው የአንድ ሽማግሌ ቁጥር ነው፤ እኔ የአገሩን አውቃለሁ። ያንተንም አውቃለሁ፤ አባታችን አንድ፣ ዝክራችንም አንድ ነው። ያ ጎልማሳ ጉልበቴን ስሞ፣ ‹አባ፣ ለማን ይዘክራሉ?› አለኝ። የዘመኑ ልጅ ስለ ዝክር ሲጠይቀኝ ደስ ብሎኝ ለሚካኤል አልኩት። የነገርኩት እኔው ነኝ። የምትጠረጥሩ ከሆነ ከኔ ጀምሩ፤ እሷን ተራዋ ሲደርስ ትጠሯታላችሁ።»

ግዝቱ አልተነገረም። የኔታ «እግዚአብሔር ይፍታን» ብለው ተቀመጡ። ሰው እየሳቀና እየተንሾካሾከ ተነሣ። በማግሥቱ ባንኩ በር ላይ ሰልፍ ነበር፤ ሁሉም ቁጥር ሊለውጥ። ወዴት እንደለወጡ ባይነግሩኝም አልጠፋኝም፤ የጊዮርጊሱ ወደ ማርያም፣ የማርያሙ ወደ ገብርኤል።

አቶ አዱኛም መጣ። ድንቼ ፊት ብዙ ቆመ። ይቅርታ ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ። «ዳጣ አብዢበት» አለኝ። አበዛሁለት። ዓይኑ እንባ እስኪያቀር በላ፤ ከዳጣው ይሁን ከሌላ አላውቅም።

ጎልማሳው አልተገኘም። የተማሪዎቹም ጎጆ በሣር ክዳኑ ከረመ። የኔታ ካረፉም ቆይቷል።

ይህን ሁሉ ትናንት ማታ አሰብኩት። የኔታን ለዓመታት ስመርቃቸው የኖርኩት ነጻ ስላወጡኝ ነበር። ትናንት ግን አንድ ነገር ገባኝ። እሳቸው እኔን ከተጠርጣሪነት አላወጡኝም፤ መጥተው አጠገቤ ነው የቆሙት። ይህ ያኔ አልገባኝም፤ ልጅ ስላልነበረኝ ይሆናል።

ዛሬ ጠዋት እትዬ ጥሩ ቤት ሄድኩ። ሰናይትን ይዣት አልሄድኩም።  መደቡ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ።

«እትዬ፣ የርስዎ ቁጥር ባለ ወልድ ነው አይደል? ሃያ ዘጠኝ፣ ሃያ ዘጠኝ።»

ምስሩ ከእጃቸው ወረደ። «ልጅሽ ነገረችሽ!»

«ልጄ አፏን አልከፈተችም። በሃያ ዘጠኝ ዳቦዎን ስንት ዓመት በላሁ? ደብረ ታቦር የምመላለሰውም እኔ ነኝ፤ ሰናይት አይደለችም። ከጠረጠሩ መጀመሪያ እኔን ይጠርጥሩ። ፖሊስም ዘንድ ከሆነ ነጠላዬን ለብሻለሁ፣ እንሂድ።»

ብዙ አዩኝ። የነፋሱ ድምፅ በቆርቆሮው ላይ ያልፋል። በመጨረሻ ሰፌዱን ወደ ጎን አደረጉና በእጃቸው መደቡን መታ መታ አደረጉ።

«ቁጭ በይ እስቲ። ካርዱ የጠፋ ዕለት የገዛኋት በርበሬ ሻጭም ማኅበርተኛዬ ናት፤ ሃያ ዘጠኝን እሷም ታውቃለች» አሉ። ደግሞ፣ «አዲስ ሲሰጡኝስ ምን ላድርገው?» አሉኝ።

«ታቦት የሌለበት ቀን ያድርጉት።»

«ታቦት የሌለበት ቀን የት አለ፣ ልጄ?»

በጣቴ ቆጠርኩ። ከልደታ ጀምሬ አቦ ላይ ስደርስ ተውኩት። እንዲህ እርስ በርሳችን ተዋውቀን ምን ልንደብቅ ነው? መፍራቱን አሁንም እፈራለሁ፤ ሌባው ከዚሁ መተዋወቃችን ነው የሚበላው። ግን ትናንት ደጄ ላይ የቆሙት ሴትዮ ዛሬ ምስሩን አካፍለው ሰጥተውኝ፣ ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመን ለቀምን። ስወጣ፣ «ሰናይትን ከሰዓት ላኪያት፤ ባንክ አብራኝ ትሂድ» አሉኝ።

ልጄ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። ነገርኳት። ነጠላዋን ለበሰች።